ደህና ነኝ ባዩ በሽተኛ

የግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ መክፈያው ላይ ከሚያያቸው ቁጥሮች ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው 7 በመቶዋ ላይ ነው። ግብሩንስ "የመንግሥት ነው" ብሎ ተስፋ ቆርጦበታል። ጡረታውን ግን የራሴ ስለሚለው በየወሩ ሲቆረጥ ያንገበግበዋል። አሠሪው 11 ይጨምርበትና ድምሩ 18 ይሆናል። አጎቴ ይህን ስሌት በቃሉ ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ ከእሱ 5፣ ከፋብሪካው 7 ተብሎ እንደተጀመረና በየዓመቱ እያደገ እዚህ እንደደረሰ ሳይቀር ይተርካል። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብሩ እንዴት እንደሚወጣ።

አጎቴ የቢዮ አዋሌ ሰው ነው። ድሬዳዋ ከተማ ባንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ ስሙ ይቅርብን፣ ጆንያ ሲሞላና ሲሰፋ ኖሯል። ሳምንቱን ከተማ ይውልና ወደ ማሽላውና ወደ ፍየሎቹ ሲመለስ ቅንድቡ ነጭ ነው። ሲታጠብ ይጠቁራል። ባለቤቱ የሥራ ልብሱን ሳይገባ በር ላይ ተቀብላ ስታራግፈው ዶሮዎቹ ገና ከሩቅ ይሮጣሉ። ከኪሱ ስፌት ውስጥ የምትወጣው ፉርሽካ ብቻ ለእነሱ ቁርስ ትሆናለች። ከኪሱ ይህን ያህል ከወጣ ከሳንባው ስንት ይወጣ ነበር ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም።

ሳሉ ሲጀምረው ብርድ ነው ተባለ። ድሬ ላይ ብርድ! ቀጥሎ ቲቢ ተጠርጥሮ አክታው ተመረመረ፤ ነፃ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያየ፣ "ሳንባህ ጠባሳ ይዟል። መድኃኒቱ ያስታግስሃል እንጂ አያድንህም። ከአቧራ ውጣ" አለው። አጎቴ 52 ዓመቱ ነው። ከአቧራ መውጣት ማለት ከደመወዝ መውጣት ነው።

እንግዲህ ቤተሰብ ውስጥ ማንበብ የሚወድ ሰው እዳው ይህ ነው፤ ጉዳዩ በእኔ ላይ ተጣለ። ሕጉን አገላበጥኩ። የጡረታ መውጫው 60 ዓመት። 25 ዓመት ያገለገለ ደግሞ 55 ሲሞላው ቀድሞ መውጣት ይችላል። ይህቺኛዋ አንቀጽ ለግል ሠራተኛ በጣም ታስቃለች። የግል ጡረታ ራሱ የተጀመረው በ2003 ስለሆነ፣ ከሌላ ቦታ ይዞት የመጣው አገልግሎት የሌለው ሰው 25ቱን የሚደፍነው በ2028 ነው። የአጎቴ ሳንባ እስከዚያ የመጠበቅ ሐሳብ ያለው አይመስልም።

ግን በር አለ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 ከፊተኛው የወረሰው "የጤና ጉድለት አበል" የሚባል ነገር አለ። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለሥራ የሚያስፈልገውን ጤና ካጣና ይህ በሕክምና ማስረጃ ከተረጋገጠ 60ን ሳይጠብቅ አበሉን ዕድሜ ልኩን ይበላል። 10 ያልሞላው ባንድ ጊዜ ዳረጎት ይሸኛል። አጎቴ 12ቱን ዘልቋል። ስለዚህ ለ10ሩ ዓመት 30 በመቶ፣ ለትርፉ በየዓመቱ 1.25፣ በድምሩ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 32.5 በመቶ።

"የቀረው 67.5 የት ሄደ?" አለኝ።

"ያንተ አልነበረም።"

"ሰባቱስ? በላብ ያገኘኋት? ሰብስበው አንድ ጊዜ ይስጡኝና ልሂድ፣ አቦ!"

ይህን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ፕሮቪደንት ፈንድ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር፤ የተጠራቀመችውን ይዞ ውልቅ ነው። ጡረታ ግን አፎሻ፣ የእኛ ዕድር፣ ነው አልኩት። አፎሻ ስታዋጣ ኖረህ ከሰፈር ስትለቅ ያዋጣሁትን መልሱልኝ አትልም፤ ችግር ሲደርስብህ ግን ካዋጣኸው በላይ ሊመጣልህ ይችላል። ይህቺ ገባችው። ገብታውም ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ "አፎሻ እኮ ለቅሶ ሲሆን ማስረጃ አይጠይቅም።"

ማስረጃው ከፋብሪካው ይጀምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ደመወዝ። የሰው ኃይሉ ኃላፊ ይህን በደንብ ያውቃል። ስለሚያውቅም ግማሽ ደመወዙ እንደጀመረ አጎቴን ጠርቶ ሻይ አዘዘለትና በቅንነት መላ፣ ለእኔ እስካሁን ቅንነት ይሁን ሌላ ያልለየልኝን መላ፣ አቀረበለት። "በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለው ይፈርሙ፤ ክሊራንስዎን ዛሬውኑ እንጨርሳለን።" ደብዳቤው ተተይቦ ቀርቧል። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

አጎቴን ያዳነው "እርስዎ" መባሉ ነው። ድሬ ውስጥ አጎትም አለቃም አንተ ነው። አንቱ የሚሉህ ሊቀብሩህ ወይ ሊያባርሩህ ሲሆን ነው ብሎ ስለሚያምን ሻይዋን ጠጥቶ ሳይፈርም ወጣ። ቢፈርም ኖሮ "ጤና ያጣ" መሆኑ ቀርቶ "የለቀቀ" ይሆን ነበር። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ደግሞ አበሉን 60 እስኪሞላው ሊጠብቅ ይችላል። ያቺ አንድ ገጽ 8 ዓመት ታወጣ ነበር።

ቀጥሎ ስም። አያቱ ባንዱ ወረቀት በሐመሩ ሐ፣ በሌላው በሃሌታው ሀ ተጽፈዋል። አያትየው ራሳቸው በሁለቱም አልጻፉም፤ ይህን ለማስተካከል የባከነውን ቀን ልዝለለውና ወደ ሕክምና ቦርዱ ልሂድ። ዋናው ጉድ ያለው እዚያ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት አጎቴ ከቢዮ አዋሌ ሲመጣ ሙሽራ ሆኖ ነው። ጢሙን ሂና ነክሯል፤ አዲስ ሽርጥ አገልድሟል፤ ሽቱውን ነፍቶ፣ ሐራራውንም ገና በማለዳ ቆርጦ ዓይኑ በርቷል። "ትላልቅ ሰዎች ፊት ነው የምቀርበው፣ እንዴት ተዝረክርኬ ልሂድ?" አለኝ። ቦርዱ የሚቀመጠው ፎቅ ላይ ነው። ክንዱን ልይዝ ስል እጄን ገፍቶ ደረጃውን ፊት ፊቴ ወጣው። ላይ ሲደርስ ግድግዳ ተደግፎ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ሆነ፤ ማንበብ አይችልም።

ሲጠራ ተከትዬ ገባሁ። ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። መሐለኛው ማህደሩን እየገለጠ ቀና ሳይል፣ "እንዴት ነዎት አባት?" አለ።

"አልሐምዱሊላህ! በጣም ደህና!"

"ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"ኧረ አላህ ይመስገን።"

"ሥራ መሥራት ይችላሉ?"

ለአጎቴ አንተ ሥራ መሥራት ትችላለህ ወይ ማለት ስድብ ነው። "መቶ ኪሎ በዚህ ትከሻ!" አለና ትከሻውን መታ። እኔ ከኋላ "ዶክተር፣ ይቅርታ…" ስል አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ ተባልኩ። ከሳምንታት በኋላ የመጣው ወረቀት "ቀላል ሥራ ላይ ይመደብ" ይላል። ሐኪሞቹን አልፈርድባቸውም፤ ያዩትን ጻፉ። ፋብሪካውም ታዛዥ ነው፤ በር ጠባቂ አደረገው። ስንዴ የጫኑት መኪኖች የሚራገፉት በሩ ሥር ነው።

በዚያ ሰሞን ሜልቦርን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደውላ ነገሩን ስትሰማ ተገረመች። እዚያ ቀሪ ዕድሜው ከ24 ወር አይዘልም ብለው ሁለት ሐኪሞች፣ አንዱ ስፔሻሊስት ሆኖ፣ ከፈረሙለት፣ ሰውየው የጡረታ ቁጠባውን ያለ ግብር ጠቅልሎ ይወስዳል። እንግሊዝ ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች ነው የቀረህ ከተባለ የግል ጡረታህን ባንዴ ልታወጣው ትችላለህ። አሜሪካ ሰፋ ታደርገዋለች፤ በ84 ወር ውስጥ እንደሚሞት በሐኪም የተመሰከረለት ሰው ከጡረታ ቁጠባው ቀድሞ ሲያወጣ የሚከፍለው የ10 በመቶ ቅጣት ይነሳለታል። ይህን ለአጎቴ ስተረጉምለት ይቀናል ብዬ ነበር።

"24 ወር መሆኑን ማን ነገራቸው?" አለ። "እነሱ አላህ ናቸው እንዴ?"

እውነቱን ነው፤ የእኛ ሕግ ይህን አይጠይቅም። መቼ ትሞታለህ ሳይሆን ትሠራለህ ወይ ነው የሚለው፤ በዚህ በዚህ ከእነሱ ጨዋ ነው። ችግሩ ጨዋ ጥያቄ ለጨዋ ሰው ሲቀርብ መልሱ አልሐምዱሊላህ መሆኑ ነው። ሞት የተመሰከረለት ሰው ቢያንስ ጤነኛ መስሎ ለመታየት አይለፋም።

ሁለተኛ ጊዜ ቦርድ ሲፈቀድ ባለቤቱን ይዘን ሄድን። አሁንም አስታማሚ ውጭ ተባለ። እሷ ግን "እኔ አስታማሚ አይደለሁም፣ ሚስቱ ነኝ" ብላ ገባች። ውጭ ሆኜ ድምጿን እሰማለሁ። "ደህና ነኝ ቢላችሁ አትመኑት። ሌሊት ተኝቶ አያውቅም፤ ትራስ ደግፌለት ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው። ፍየል ቢያመልጠው ቆሞ ያያታል እንጂ አይከተላትም። ፓፉንም የሚነፋው ሰው እንዳያየው ከማሽላው መሐል ገብቶ ነው።" ወጥተው ሲመጡ አጎቴ አኩርፏል። ወረቀቱ ግን "ለሥራ ብቁ አይደለም" የሚል ሆነ፤ 32.5ቷም ተፈቀደች።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። እኔ ግን ሕጉን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ሳንባው የተበላሸው ከሥራው አቧራ ከሆነ ነገሩ በሥራ የመጣ በሽታ ይሆናል። እሱ የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም፤ አበሉም ከመደበኛ ደመወዙ 47 በመቶ ነው። ደመወዙ 7 ሺህ ቢሆን 3,290 ብር ማለት ነው። ወረቀቱ ግን በምን እንደታመመ አይናገርም። ፋብሪካው "ጫት ይቅማል፣ ዕድሜውም ገፍቷል" ይላል፤ ጫት ሳንባ ውስጥ ዱቄት እንዴት እንደሚያስገባ ግን አላብራራም። ክርክሩ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ሊሄድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሥራ ቦታውን ሁኔታ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል።

አጎቴ አብረውት ጆንያ የሰፉ ባልደረቦቹን ሰብስቦ ከዚራ ሰፈር አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ አመጣቸው። በዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተደርድረው ቃላቸውን መስጠት ጀመሩ። የአንዱ ሳል ሲያባራ የሌላው ይነሳል፤ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ደግሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ ተራ በተራ አያቸውና፣ "ቆይ፣ ይሄ ማመልከቻ የአንድ ሰው ነው የሁላችሁም?" አለ።

ተያዩ።

"የእኔን አስቀድም" አለ አጎቴ። "ቀድሜያቸው የሳልኩት እኔ ነኝ።"