«መልሱን ብቻ ንገረኝ» ለምትሉ

«መልሱን ብቻ ንገረኝ» ትላለህ። እሺ፣ 5 ነው። ያዘው። 5ን ይዘህ ግን ወዴት ትሄዳለህ? ነገ ጥያቄው ቁጥሩን ቀይሮ ሲመጣ ይህ 5 ምንም አይረዳህም።

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ ሦስት እጥፉ ላይ 7 ሲደመር 22 የሚሆነው ቁጥር ስንት ነው? ቁጥሩን ገና ስለማናውቀው «ሀ» እንበለው። መጽሐፉ ኤክስ ይለዋል፤ በስም አንጣላም። 3ሀ + 7 = 22። የእኩል ምልክት ሚዛን ነው፤ ከአንዱ ሳህን ያነሳኸውን ያህል ከሌላውም ታነሳለህ። ከሁለቱም 7 ቀንስ፣ 3ሀ = 15። ሁለቱንም ለ3 አካፍል፣ ሀ = 5። እዚህ ላይ ደብተርህን አትዝጋ። 5ን ወደ ጥያቄው መልሰው፦ 3 ጊዜ 5፣ 15፤ 7 ሲደመር 22። መልሱ ያንተ የሆነው አሁን ነው። መምህሩ ባይኖርም፣ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው መልስ ቢቀደድም፣ ልክ መሆንህን ታውቃለህ።

«እኛ የተማርነው 7 ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል ተብሎ ነው።» ምን ወንዝ አለና ነው የሚሻገረው? 7 የትም አልሄደም። ከግራም ከቀኝም ተቀነሰ፤ በግራ በኩል ራሱ ጠፋ፣ በቀኝ በኩል 22ን ወደ 15 አወረደው። ይህንን የምከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም። «ሲሻገር ይቀየራል» የሚለውን ብቻ የሸመደደ ልጅ 3ሀ = 15 ላይ ሲደርስ 3ንም ያሻግረዋል፤ ምልክቱን ይቀይርና 15 − 3፣ መልሱ 12 ብሎ ይጽፋል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የሰጡትን ደንብ በታማኝነት ሠርቶበታል። ያጠፋው ምክንያቱን ቆርጦ ደንቡን ብቻ የሰጠው ነው።

«ፈተናው እኮ ምርጫ ነው፤ እርምጃ ማን ይጠይቀኛል?» ወንድሜ፣ የምርጫ ፈተና አውጪ እኮ ሥራውን ያውቃል። የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚያወጣቸው ከተማሪ ስህተት ነው። ያ 12 ከአራቱ ምርጫዎች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ሌላ ላሳይህ፦ 12 − (ሀ − 4) = 10። በቅንፉ ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ሀንም 4ንም ይነካል፤ ስለዚህ ቅንፉ ሲፈታ 12 − ሀ + 4 = 10 ይሆናል፣ ከዚያ 16 − ሀ = 10፣ ሀ = 6። የቸኮለው ተማሪ ምልክቱን ለሀ ብቻ ይሰጥና 12 − ሀ − 4 = 10 ይላል፤ −2 ያገኛል፤ −2ም በምርጫው ውስጥ አለ፤ ደስ ብሎት ያከብበዋል። −2ን ወደ ጥያቄው ቢመልሰው ግን 12 − (−6)፣ ማለትም 18 ይመጣበት ነበር። የተጠየቀው 10 ነው። ለዚህ ማረጋገጫ የሚበቃው የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። «ጊዜ አይበቃም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያቸውን የሚጨርሱት የሠሩትን ሰርዘው እንደገና ሲጀምሩ ነው።

«እኔ ኤክስን ገበያ ላይ አግኝቼው አላውቅም» ያልከኝ አንተ ደግሞ፣ አግኝተኸዋል፤ ሰላም ሳትለው ነው ያለፍከው። ልጅህን ልትድር ነው። ድንኳንና ወንበር 40,000 ብር ቁርጥ ነው፤ ለአንድ እንግዳ 500 ብር ይወጣል፤ እጅህ ላይ ያለው 140,000 ነው። 500ሀ + 40,000 = 140,000። ከሁለቱም 40,000 ቀንስ፣ ለ500 አካፍል፣ 200 ሰው። 201ኛውን የጠራህ ቀን ተበደርክ። ይህን ስሌት ከጥሪ ወረቀቱ በፊት የሠራና ከሠርጉ በኋላ የሠራ ሰው አንድ አይደሉም።

«ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው» የሚለው ሰው ቁጣዬን ያመጣዋል። ከ3,500 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ፣ እዚሁ ዓባያችን በሚወርድበት አገር፣ አህሜስ የሚባል ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ ጥያቄዎችን ከነአፈታታቸው ጽፎ ትቷል፤ አብዛኛው ክፍል ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። 24ኛው ጥያቄ፦ አንድ ቁጥርና የራሱ አንድ ሰባተኛ ተደምረው 19 ሆኑ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አህሜስ በመጀመሪያ 7 ነው ብሎ ገመተ። 7 እና አንድ ሰባተኛው 8 ይሆናሉ። የተፈለገው 19 ስለሆነ 8 በስንት ቢባዛ 19 እንደሚሆን ፈለገ፤ 7ንም በዚያው አባዛው፤ አሥራ ስድስት ከአምስት ስምንተኛ መጣ። ከዚያ የቁጥሩን አንድ ሰባተኛ አውጥቶ ደመረና 19 መሆኑን በጽሑፍ አረጋገጠ። ያኔ እንኳ መልሱን አልወረወረም፤ እርምጃውን አስቀምጦ፣ አረጋግጦ ነው የሄደው። በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የነበረው አልኽዋሪዝሚም የአልጀብራ መጽሐፉን ትልቅ ክፍል የሰጠው ለውርስ ክፍፍል ነው፤ አንድ የእኩል ምልክት እንኳ ሳይጠቀም፣ ሁሉንም በቃል እየተረከ።

ከአገር ቤት ካልመጣ አልቀበልም ካልክ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን እንይ። 2018 ዓ.ም.ን እንሥራ። 5500 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12 ይቀራል፣ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 12 ይቀራል፣ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፤ ሠላሳው ሲገደፍ 18 ይቀራል፣ መጥቅዕ ነው። 12 እና 18 ተደምረው 30። የአብነት ተማሪ ሁለቱ ሁልጊዜ 30 እንደሚሞሉ ያውቃል፤ ስሌቱን የሚያርመውም በዚሁ ነው። ለምን ሁልጊዜ? ወንበሩን «ወ» እንበለው፦ 11ወ + 19ወ = 30ወ። ድምሩ ከመነሻው የሠላሳ ብዜት ነው፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ የሚቀሩት ሁለቱ ትራፊዎች እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱ፣ ዜሮ ካልሆኑ በቀር 30 ከመሆን ሌላ ምርጫ የላቸውም። ወንበሩ ዜሮ በሆነበት ዓመት ደግሞ አበቅቴ ዜሮ፣ መጥቅዕ 30 ይባላል። በአንድ ፊደል፣ በአንድ መስመር፣ የዓመታቱ ሁሉ ምክንያት ወጣ። አልጀብራ ምን ይሠራል ለሚለኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

«ጂኦሜትሪስ ለመሃንዲስ ነው» ላሉኝ ጋሼ፦ የቤትዎን መሠረት ያወጣው ግንበኛ በአንዱ ክር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት አደረገ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 5 ሜትር እስኪመጣ ድረስ ክሩን አንቀሳቀሰ። 9 እና 16 ተደምረው 25 ናቸው፣ 25 ደግሞ 5 በ5 ነው፤ ስለዚህ ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ 90 ዲግሪ ሆነ። ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ልክ የገጠመው በዚህ ነው።

ቦታ ሲገዙም ይጠንቀቁ። «ዙሪያው እኩል ነው፣ 60 ሜትር ሽቦ አጥሮታል» የሚል ሻጭ ስለ ስፋት ምንም አልነገረዎትም። 15 በ15 ዙሪያው 60 ነው፣ ስፋቱ 225 ካሬ። 20 በ10ም ዙሪያው 60 ነው፣ ስፋቱ 200 ካሬ። 25 በ5ም ዙሪያው 60 ነው፣ ስፋቱ 125 ካሬ። በአንድ ዓይነት ሽቦ 100 ካሬ ጠፋ። አዲስ አበባ ውስጥ 100 ካሬ ስንት እንደሚያወጣ እኔ አልነግርዎትም።

«ጥያቄውን በስልኬ ፎቶ ሳነሳው ይፈታልኛል።» ይፈታል፤ እርምጃውንም ደርድሮ ያሳይሃል። አንተ ግን በጣትህ ገፍተህ ወደ መጨረሻው መስመር ነው የምትወርደው። ይልቅ መጀመሪያ ራስህ ሥራው፤ ከዚያ የአንተንና የስልኩን መስመር በመስመር አስተያይ። የተለያያችሁበት መስመር ላይ ስትደርስ ስህተትህን በስሙ ታገኘዋለህ። የዚያን ዕለት ትምህርት የተማርከው እዚያ መስመር ላይ ነው።

«ጭንቅላቴ ለሂሳብ አልተፈጠረም» ለሚሉ ብዙ አልመልስም። የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓመት በፊት የታለፈ አንድ እርምጃ ነው፤ ክፍልፋይ ወይም ቅንፍ። ወደዚያ ተመልሶ መያዝ ይቻላል። እናት ሆይ፣ ልጅሽ እየሰማ «እኔም ሂሳብ አይገባኝም ነበር» አትበዪ፤ ያንን ሲሰማ ለመተው ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል። አጠገቡ ተቀመጪና «ይህን መስመር ከየት አመጣኸው?» በዪው። መልሱን ባታውቂውም ጥያቄው ይሠራል።

መምህር፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእርስዎ ነው። ልጁ አራት መስመር በትክክል ሠርቶ አምስተኛው ላይ ቢስት የአራቱን ነጥብ ይስጡት። መልሱን ብቻ ጽፎ ያመጣውን ደግሞ ሰሌዳው ፊት ያቁሙትና በፍቅር «እንዴት አገኘኸው?» ይበሉት። ሠርቶ እስኪያሳይም ጠመኔውን ከእጁ አይቀበሉት።