መስከረምና ፖፖ

ሐምሌ ላይ ምዝገባ ሲጀመር፣ በሰፈራችን ካሉት መዋዕለ ሕፃናት አንዱ የሰጠኝ ፎርም የልጁን ክትባት፣ አለርጂውንና ሊወስደው የሚመጣውን ሰው ስም ጠየቀና መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ዳይፐር የተወ ልጅ ብቻ ይመዘገባል»። ልጄ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎታል። ፎርሙን ያቀበለችኝ ሴት ፊቴን አይታ «እስከ መስከረም እኮ ጊዜ አለሽ፣ እህቴ» አለችኝ። ችግራቸው ይገባኛል፤ አንዲት መምህርትና አንዲት ረዳት የስንቱን ልጅ ዳይፐር ሊቀይሩ ነው? ነገር ግን መስከረም የትምህርት ቤት ቀጠሮ ነው፤ የሕፃን ፊኛ አያውቀውም።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ ሌሊት ይመጣል፤ አንዳንዴም ታች ላሉት ደርሶ እኛ ጋ ሳይወጣ ይቀራል። ክረምት ሲሆን ደግሞ በረንዳ ላይ የተሰጣ ሱሪ ቀናት አልፎትም አይደርቅም፣ ሽታ ይዞ ይገባል። ፖፖ ማስለመድ ሲባል የልጅና የወላጅ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኛ ቤት የውሃም የፀሐይም ጉዳይ ነበር። ሱሪውን እያረጠበ የሚማር ልጅ ልብሱ የሚታጠብበት ውሃና የሚደርቅበት ፀሐይ ያሻዋል። ምርጫ ያለው ሰው ነሐሴ ላይ ባይጀምር፣ ጥቅምትና ኅዳርን ቢጠብቅ እላለሁ። ዋጋው በየጊዜው የሚጨምረው ዳይፐር ግን ለብዙዎቻችን ያን ምርጫ አይሰጠንም።

ፖፖዋን ከመንገድ ዳር ፕላስቲክ ሻጮች ገዛኋት፤ ሰማያዊ፣ ጀርባዋ መደገፊያ ያላት። ልጄ ማሙሽ ወዲያው ወደዳት። መኪኖቹን ሁሉ ሰብስቦ ጨመረባትና ክዳኗን ዘጋ። ሳወጣቸው ይጮሃል፤ መልሼ ስጨምርለት ይረጋጋል። ነሐሴ እስኪገባ ድረስ ፖፖዋ የመኪና ማቆሚያ ሆና ሰነበተች።

ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ይህን ሲሰሙ አዘኑልኝ። «እኛ እኮ ክርስትና ሳይነሣ ነው እግራችን ላይ የምናስቀምጠው» አሉኝ። ያደርጉት የነበረውንም አሳዩኝ፦ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሕፃኑን በሁለቱ እግሮቻቸው መካከል ደግፈው «ሽሽሽ» ይላሉ። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ጡት ጠብቶ ሲያበቃ፣ ፊቱ ሲቀላ። አራቱንም ልጆቻቸውን ያሳደጉት እንዲህ ነው።

የእማማን ነገር የድሮ ሰው ወሬ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በኬንያና በታንዛኒያ የባሕር ዳርቻ ዲጎ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደቭሪስ የተባሉ ባልና ሚስት ፔዲያትሪክስ በተሰኘው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ስለ እነሱ ጽፈው ነበር፤ የዲጎ እናቶች ልጅ በተወለደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጀምራሉ፣ ሕፃኑም በ5 ወይም በ6 ወሩ ቀንም ሌሊትም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። አሠራሩ የእማማ ነው ማለት ይቻላል፦ መቀመጫው የእናት እግር፣ ምልክቱ ድምፅ። ልጁ ቀን ከሌት ከሰው ገላ አይለይም፤ ሲቁነጠነጥ የምታየው እናት አጠገቡ አለች።

እኔ አጠገቡ አልነበርኩም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ዘጠናው ሲያልቅ ሥራ ገባሁ። ጠዋት ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆም እናት የልጇን ፊት መቅላት አይታ ፖፖ ልታቀርብ አትችልም። ዳይፐር የመጣው በስንፍና አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ነው። እማማም ይህን ስነግራቸው «እሱስ ልክ ነሽ፣ እኛ ቤት ነበርን» አሉ።

ክሊኒክ ያገኘሁት የሕፃናት ሐኪም ደግሞ ከሌላ ጫፍ ነበር የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1962 ቤሪ ብራዘልተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የ1,170 ልጆችን መዝገብ አገላብጦ፣ ልጅን ማስገደድ ትተን ምልክቱን እንጠብቅ ብሎ ጻፈ። እነዚያ ልጆች ቀን ቀን ደረቅ የሆኑት በአማካይ በ28.5 ወራቸው ነበር። አማካይ ስለሆነም ከዚያ በኋላ የደረቁም ነበሩ ማለት ነው። ሐኪሙ ምልክቶቹን ቆጠረልኝ፦ ዳይፐሩ ሁለት ሰዓት ያህል ደርቆ ይቆያል? ከቀን እንቅልፉ ደርቆ ይነሣል? ሱሪውን ራሱ ዝቅ ያደርጋል? «ጫማህን አምጣና እዚህ ተቀመጥ» ሲሉት ሁለቱንም ይፈጽማል? ሲረጥብ ይከፋዋል? ካካው ሲመጣ ይደበቃል?

ግማሹን መመለስ አልቻልኩም፤ እነዚህ ነገሮች የሚታዩት እኔ ቢሮ ሳለሁ ነው። ማታ፣ ቀን ቀን ልጄን ለምትይዝልኝ ልጅ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ከጎጃም ገጠር የመጣች ናት፤ ታናናሾቿን አዝላ ነው ያደገችው። ሁሉንም ሳታመነታ መለሰች። ከምሳ በኋላ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ መጋረጃው ሥር ይገባል፣ ጨርቁን ጨብጦ ቁጢጥ ይላል፣ «ሂጂ» ይላታል። ሽንት ሊመጣው ሲል ጨዋታውን አቁሞ በአንድ እግሩ ይቆማል። «ሽንቱ ደርሷል፣ እትዬ። ካካው ግን ገና ነው፤ ይፈራል» አለችኝ። ሽንትና ካካ በተለያየ ቀን ሊደርሱ እንደሚችሉ ከእሷ በፊት የነገረኝ አልነበረም፤ ሐኪሙ በኋላ ብዙ ልጆች እንዲያ መሆናቸውን አረጋገጠልኝ።

እንዳለችውም ሆነ። ከቀን እንቅልፉ ሲነሣ ፖፖ ላይ ታስቀምጠው ጀመር፤ መኪኖቹ ወደ ካርቶን ተዛወሩ። ሳምንታት ሳያልፉ ሽንቱን መናገር ያዘ።

መናገሩ ታክሲ ውስጥም አልቀረም። አንድ ቅዳሜ እህቴ ጋ ልንሄድ ከጀሞ ተሳፍረን፣ ጀርመን አደባባይ ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ እኛ የኋላ ወንበር ላይ ነን። ማሙሽ ከጉልበቴ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና «ሽንቴ!» አለ። እኔ «ወራጅ አለ!» ከማለቴ አንድ አዛውንት ከፊት ደግመው ጮኹልኝ። ረዳቱ በሩን ከፈተ፣ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ሰበሰበ፣ ልጁ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወረደ። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጃንጥላቸውን ይዘው አብረውን ወረዱና ቦዩ ዳር ከለሉን። ጫማው ረጠበ፣ የእኔም ቀሚስ አልተረፈም። ታክሲው ግን ጠበቀን፤ ስንመለስ ረዳቱ «ጎበዝ!» ብሎ እጁን መታለት። ሕፃን ልጅ በትልልቅ ሰዎች መካከል ሽንቴ መጣ ብሎ ሳይነወር ሲቀር ትልቅ ነገር ነው። እነዚያን ሰዎች እስካሁን አመሰግናለሁ።

ካካው ግን መስከረም ሲገባም ገና ነበር። ሲመጣበት ራሱ ዳይፐር አምጥቶ «አድርጊልኝ» ይላል፤ እምቢ ከተባለ ይይዘዋል። መያዝ ደግሞ ያደርቀዋል፣ የደረቀው ያሳምማል፣ ያመመው ልጅ ይበልጥ ይይዛል። መገደድ ጉዳት የሚያመጣው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ዳይፐሩን አልከለከልነውም፤ ፓፓያና ውሃ አበዛንለት። ትልቁን መቀመጫ ሲሞክር እግሩ ተንጠልጥሎ ማማጥ ስላቃተው በርጩማ ከእግሩ ሥር አደረግንለት። ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው፦ ውሃ ሲመጣ ሽንት ቤቱ በድንገት የሚያሰማው ጩኸት። ውሃ በሌለበት ቀን ግን በጆግ ነው የምንደፋው። አንድ ቀን የምትይዝልኝ ልጅ ዳይፐሩ ውስጥ ያለውን ወስዳ ስትጥል ጆጉን ለእሱ ሰጠችው። ቀስ ብሎ ደፋ፣ ሲሄድ አየ፣ «ደግሜ!» አለ። የሚወስደው ውሃ በእጁ ከሆነ በኋላ ፍርሃቱ እየቀነሰ ሄደ። የሕፃን ካካ ንጹሕ ነው ብለው ውጭ የሚጥሉ ሰዎች አሁንም አሉ፤ በሽታ እንደ አዋቂው ያስተላልፋልና ሽንት ቤት መግባቱና እጅ በሳሙና መታጠቡ ግዴታ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በር ለበር እየዞሩ ከሚያስተምሩት አንዱም ይኸው ነው።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ቦታ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ትምህርት ቤቶች ሕፃንን በዚህ መስፈርት ባይመልሱ፣ ቢያንስ ተለዋጭ ልብስና ጥቂት ሳምንት ቢሰጡት እወዳለሁ፤ ልጅ በቸኮሉበት ቁጥር ይዘገያልና። ማሙሽ ኅዳር ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ፖፖዋን መጋረጃው ሥር ወስዶ ተቀመጠባት።

ሦስተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤቴ ሰሞኑን «የእኔዋ ስንት ወሯ ላይ ልጀምር?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀን ቀን ልጅቷን ማን እንደሚይዛት ጠየቅኳት። አክስቷ ናት አለች። አብረን አክስቷ ጋ ወጣን።

ማሙሽ ሌሊት አሁንም ዳይፐር ያደርጋል። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእንቅልፍ መድረቅ በልምምድ ሳይሆን በሰውነት እድገት የሚመጣ ነገር ስለሆነ፣ እስከ 5 ዓመትና ከዚያም ወዲያ ቢቆይ ሐኪሞች አይጨነቁበትም። ፍራሹን ፕላስቲክ አልብሰነዋል።