የክቡር አቶ ፓወር ሳፕላይ አጭር የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመዶች፣ በተለይም ቴስተራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤

የኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ባለሟል የነበሩት ክቡር አቶ ፓወር ሳፕላይ፣ ከአባታቸው ከኮሞዶር ኩባንያ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ቁጠባ እ.ኤ.አ. በ1982 ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለሥራ ሲደርስ፣ ማለትም ከካርቶን በወጡ ዕለት፣ የግድግዳውን መብራት ተቀብለው 5 ቮልቱን ለቺፖቹ፣ 9 ቮልቱን ለተቀረው ቤተሰብ ማደል ጀመሩ። ከ10 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ያ ኮምፒውተር ያለ እነ አቶ ፓወር ሳፕላይ የቁልፍ ሰሌዳ ያለው ባዶ ሳጥን ነበር።

የኩባንያው መሥራች ጃክ ትራሚዬል ኮምፒውተር የሀብታም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚሹ፣ በሳንቲም የሚሟገቱ ነጋዴ ነበሩ። ማሽኑ በ595 ዶላር ገበያ ወጥቶ በዓመቱ ወደ 200 ዶላር ግድም ወረደ። ቅናሹ ከአንድ ቦታ መምጣት ነበረበት፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ከሟቹ ሆድ ሳይቀነስ አልቀረም። ሆዳቸውም በሙጫ ተሞልቶ ደረቀ። ሙቀት መውጫ የለው፣ ጠጋኝ መግቢያ የለው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያተኩሳቸው ከፍቶ ያያቸው ሐኪም አልነበረም።

ሌላው አዛውንት ሲያረጅ ጉልበቱ ይደክማል። የእሳቸው ግን ጨመረ። በ5 ቮልት ልክ ሲሰፍሩ የኖሩት ሰው በስተርጅና ቸር ሆነው 6፣ 7 እያሉ ለቀቁት። ስምንቱ የሜሞሪ ቺፖች ይህን ቸርነት አልቻሉትም። ልጅ ሳለ በሰማያዊው ስክሪን ላይ «38911» የሚለውን ቁጥር እያየ ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማረ፣ ዛሬ ሽበት ያወጣ ሰው፣ ማሽኑን ከቆጥ አውርዶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ ሲሰካው ያየው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ከዚያ ክዳኑን ይፈታል፤ ቺፖቹን ተራ በተራ በጣቱ ይዳስሳል። ጣት የሚያቃጥለው የሞተው ቺፕ ነው። አሥራ ስድስት እግሩን በመበየጃ አንድ በአንድ አላቆ ያወጣዋል። ሲጨርስ ቀጥሎ ያለውን ይዳስሳል።

ከሐዘንተኞች መካከል ወንድማችን 1541 የዲስክ ድራይቭ ይገኙበታል። የራሳቸውን ፓወር ሳፕላይ በሆዳቸው ይዘው ስለሚዞሩ ከእልቂቱ ተርፈዋል፤ ድሮ ግለታቸውንና ዘገምተኝነታቸውን ስናማ ኖረናል፣ ይቅር ይበሉን። የሟቹ አባት ኮሞዶር እ.ኤ.አ. በ1994 በኪሳራ ስላረፉ ለቀብሩ አልደረሱም።

ኬብላቸው ከነሰባት እግር መሰኪያው ተቆርጦ ለተተኪያቸው ይሰጣል፤ ሰውነታቸው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይሸኛል። አንተ ከኋላ የቆምከው፣ «ኦሪጅናል እኮ ነው፣ እስቲ አንዴ ብቻ ልሞክረው» ስትል ሰምቼሃለሁ። እጅህን ከሶኬቱ አንሳ።