ዘር ሲቆጠር

ሜሪላንድ በምንኖርበት ሕንፃ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉኝ። ፈረንጅ ቢሆኑም አፌ አንቱ ማለቱን አልተወም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አያት ፍለጋ ሆኗል። ቡና ልንጠጣ በተቀመጥን ቁጥር ኮምፒውተራቸው ላይ የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ይከፍቱና "ነይ እይ!" ይሉኛል። ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ሟቾቹ ይሞቃሉ።

አንዲት ምንጅላት አለቻቸው። ከ1850 በፊት የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጅ በቁጥር ነው የሚገቡት። እሷም በ1850 ስሟ ሲሰፍር 28 ዓመቷ ነው፤ በ1860፣ 34፤ በ1870፣ 39። በሃያ ዓመት አሥራ አንድ ዓመት! "ጸሐፊው ተሳስቶ ነው" አሉኝ። ጸሐፊው ምን ያድርግ፣ በየደጁ እየዞረ የነገሩትን ነው የጻፈው። እኔም ዕድሜዬን "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ካላንደር ዓመተ ምሕረትን እንጂ ዕድሜን እንደማይቀንስ የሚያውቅ ሰው እስኪገጥመኝ ድረስ።

ስሙም አለላችሁ። ከጀርመን የመጣው ሽናይደር መዝገቡ ላይ ስናይደር ሆኖ ቁጭ ብሏል። ለዚህ ሳውንዴክስ የሚባል መላ አለ፤ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይዞ የቀረውን በድምፁ ወደ ሦስት ቁጥር ይለውጠዋል። ሁለቱም ኤስ-536 ሆነው ይታረቃሉ። ልስቅ ስል የራሴ ወረቀት ትዝ አለኝ። ስሜ ፀሐይ ነው፤ መንጃ ፈቃዴ በቲ ይጀምራል፣ የመብራት ቢሌ በኤስ። እኔን ሳውንዴክስም አያስታርቀኝ። የልጅ ልጆቼ ሲፈልጉኝ ሁለት አያት ያገኛሉ።

የ1890ው መዝገብ ደግሞ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ ተበላሽቶ፣ ዛሬ ያለው ቁርጥራጭ ነው። የጎረቤቴ ጄኔራልና የናጠጠ ሀብታም ዘመዶች በሙሉ የተመዘገቡት እዚያ የተቃጠለው ላይ ነው። ከእሳት የተረፉት ገበሬና አናጢ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ የ1860ን የቨርጂኒያ የባሪያዎች መዝገብ ከፈቱ። የምንጅላታቸው ባል ስም አለ። ከሥሩ ስድስት ሰዎች፤ ዕድሜ አላቸው፣ ጾታ አላቸው፣ ስም የላቸውም። ዝም አሉ። ዝም አልኩ። ከዚያ "እስቲ በእናቴ በኩል ልሞክር" ብለው ገጹን ዘጉት።

ልታዘባቸው ነበር፤ የአባቴ ነገር ያዘኝ። አባቴ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ደጃዝማቹ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ፣ ደረታቸው ነፋ ይላል። የጎረቤት አባትም ደጃዝማች አላቸው፤ የማዶዎቹም አላቸው። አገሩ በሙሉ ደጃዝማች ከሆነ ማን አርሶ አበላቸው? አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው፦ "አባባ፣ ደጃዝማቹ ቤት ውኃ የሚቀዱት፣ እህል የሚፈጩት እነማን ነበሩ?"

"ቡናሽ ቀዘቀዘ፣ ጠጪ" አሉኝ።