«ውሃ ይጠጣል» ላላችሁ

«መኪናዬ ውሃ ይጠጣል» ይላል ሾፌሩ።

ሞተር የሚጠጣው ናፍጣ ነው፣ ወንድሜ። ውሃው ከራዲያተር ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ራዲያተር የሚመላለስ እስረኛ ነው። ከጎደለ አምልጧልና ያመለጠበትን በር ፈልግ።

«የአፋር ሙቀት ነው የሚያተነው!»

ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ያለው ሙቀት ለሁሉም መኪና አንድ ነው፤ ከኋላህ ሲከተልህ የነበረው ተሳቢ ግን ጠብታ ሳይጨምር ገብቷል። የራዲያተር ክዳን የተሠራው ለዚሁ ነው፤ አንድ ባር ገደማ ግፊት አፍኖ ይይዝና ውሃው በባሕር ጠለል 120 ዲግሪ እስኪጠጋ እንዳይፈላ ያደርጋል። ክዳኑ ከላላ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ በአዲስ አበባ ከፍታማ ያልታፈነ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በረሃውን ከመክሰስህ በፊት ክዳኑን አስፈትሽ፤ ከምርመራው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

«ከሥሩ ግን አንድ ጠብታ የለም።»

በጭስ ማውጫው በኩል የሚያንጠባጥብ ውሃ መሬት ሳይነካ ይተናል። እርጥቡን ትተህ የደረቀውን ፈልግ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ጥሎ ሄዷል። ቀን ሞቆ ጠብቆ የሚውል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በጎማው ቱቦ ማሰሪያ ሥር የሚያመልጥም አለ። ስለዚህ በግፊት መሞከሪያው አንዴ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ አንዴ ለብ ብሎ ሳለ ሞክረው፤ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ግፊት ግን አትለፍ።

«ከውሃ ፓምፑ ሥር ያለችው ቀዳዳ ታንጠባጥባለች፤ በማስቲሽ እንድፈናት።»

እውነቷን ስለተናገረች አፏን ልትዘጋት? ቀዳዳዋ የተተወችው የፓምፑ ሲል መበላቱን እንድታሳውቅህ ነው። ብትደፍናት ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይዞራል።

«ዘይቱ አልነጣም። ስለዚህ ውስጥ አልገባም።»

ስንት ሞተር የበላች አነጋገር ናት! ሲሠራ የዋለ ሞተር ዘይቱ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጥቂት በጥቂት የሚገባው ውሃ ይተናል፣ የኩላንቱ ግላይኮል ግን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ዘይቱ እንደጠቆረ ኩሽኔታው ይበላል። መኪናውን አሳድረው፤ ጠዋት ሳታስነሳ የዘይት ማውረጃውን ቡሎን በቀስታ አላላው። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ካለ መጀመሪያ እሱ ይመጣል። ከመጣ ኮፓውን አውርድ፣ ከላይ ግፊት ስጥ፣ ከሥር ተኝተህ ተመልከት። የትኛው ሲሊንደር እንደሚያንጠባጥብ በዓይንህ ታየዋለህ፤ ስድስቱንም መፍታት ምን አመጣው?

«ላይነር እኮ ብረት ነው፤ ውሃ ምን ያደርገዋል?»

ይበሳዋል። ፒስተኑ ግድግዳውን በመታ ቁጥር ላይነሩ ይንቀጠቀጣል፤ በውሃው በኩል ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠሩና ብረቱ ላይ ይፈነዳሉ። ይህ ቀን ከሌት ሲደጋገም ብረቱ ይቦረቦራል፤ በመጨረሻም ቀዳዳው ወዲያ ማዶ ይወጣል። ለከባድ ናፍጣ ሞተር የተዘጋጀ ኩላንት ብረቱን በስስ ሽፋን የሚጠብቅ ንጥረ ነገር አለው፤ የወንዝ ውሃ የለውም። ከድልድይ ሥር በጀሪካን የቀዳኸው ውሃ በነጻ የተገኘ ይመስላል እንጂ ዋጋውን ላይነሩ ይከፍላል።

«ራዲያተር ውስጥ ዘይት አየሁ። በቃ፣ ቴስታታው ይውረድ!»

ረጋ በል! የዘይት ማቀዝቀዣውን ጠይቀኸዋል? ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይቱ ወደ ውሃው ይሻገራል፤ ሞተሩ ሲጠፋ በራዲያተሩ የቀረው ግፊት ውሃውን ወደ ዘይቱ ይመልሰዋል። ቴስታታ ከማውረድ እሱን ፈትቶ መሞከር ይቀላል።

«የፍሬን ንፋስ ጋን ከራዲያተር ጋር ምን አገናኘው?»

ኮምፕሬሰሩ። በብዙ ከባድ መኪና እሱም የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ውሃ ነው። የኮምፕሬሰሩ ቴስታታ ከተሰነጠቀ ኩላንቱ ከንፋሱ ጋር ወደ ጋኑ ይገባል። ጠዋት ጋኑን አራግፍ፤ የአየር እርጥበት ቀለም የለውም፣ ኩላንት ግን አለው። ቀለም ካየህ አትነሳ። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስትወርድ የምትተማመነው በዚያው ጋን ንፋስ ነው።

«ማሸጊያ ዱቄት አለኝ፤ ይደፍነዋል።»

ይደፍናል። ቀዳዳውን ከራዲያተሩ ጠባብ መተላለፊያ ለይቶ ግን አያውቅም።

«ረዳቱ ክዳኑን ይክፈተውና እንይ።»

እሱም ፊት አለው፣ እጅ አለው፣ እናት አለችው! ታፍኖ ከ100 ዲግሪ ያለፈ ፈሳሽ ግፊቱ በተለቀቀበት ቅጽበት ፈልቶ ይወነጨፋል፤ ያንን በጨርቅ የሚመክት እጅ የለም። ልጁን ለግማሽ ሰዓት ችኮላ አትማግደው። ሞተሩ ይብረድ፤ ያኔ ራስህ ክፈት፣ አስነሳና ውሃውን ተመልከት። አረፋ ሳያቋርጥ ከተንተከተከ የቃጠሎ ጋዝ እየገባ ሊሆን ይችላል። ኮምፕሬሰሩም እንዲህ ያለ አረፋ ይሰጣልና አስቀድመህ እሱን ለይ። እሱ ነጻ ከወጣ፣ አሁን ስለ ቴስታታው ጋስኬት እናውራ።

«ሳይፈታ፣ ለማየት ብቻ ልከፍል ነው?»

አዎ፣ ጋሼ፣ ክፈሉ። ሳይመረምር ሞተር ለሚያወርድ የሚከፍሉት ከዚህ ይበልጣል። ከፍለውም ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፦ በስንት ግፊት ተሞከረ፣ በስንት ደቂቃ ስንት ወረደ፣ ውሃውስ በየት በኩል ወጣ?