ፈርሙ፣ አያስገድድም

አንድ ባፕቲስት ይዛችሁ «የእምነት መግለጫችሁ ምን ይላል?» ብትሉት፣ መጀመሪያ የምትሰሙት «እኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር ሌላ መግለጫ የለንም» የሚለውን ነው። ቀጥሎ መሳቢያውን ከፍቶ መግለጫውን ያወጣላችኋል።

ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ እየደገመ ላደገ የኛ አገር ሰው ይህ ግራ ያጋባል። እኛ ዘንድ ካለ አለ ነው። ባፕቲስቶች ግን ቢያንስ ከ1644 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲጽፉና ሲያርሙ ኖረው፣ ዛሬም የለንም ባይ ናቸው። በዚያ ዓመት ሰባት የለንደን ጉባኤዎች የሚወራባቸውን ሐሜት ለማስተባበል አንድ መግለጫ አወጡ። በ1689 ሌላ አጸደቁ። አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላም በ1742 ፊላደልፊያ ላይ፣ በ1833 ኒው ሃምፕሻየር ላይ ቀጠሉበት። የሳውዘርን ባፕቲስት ኮንቬንሽን መሥራቾች በ1845 ሲሰበሰቡ፣ አዲስ የሃይማኖት ቀኖና አልጻፍንም ብለው ኮርተው ነበር። ልጆቻቸው ሰማንያ ዓመት ታግሠው በ1925 ጻፉ። በ1963 አሻሻሉት፤ በ1998 ስለ ቤተሰብ አንድ አንቀጽ ጨመሩበት፤ በ2000 እንደገና አሻሻሉት፤ በ2023 ደግሞ ስለ መጋቢ የሚናገረውን አንቀጽ ነካ ነካ አደረጉት። ለሌለ ነገር ይህን ያህል ድካም!

መጻፋቸውን አልነቅፍም። የሚያምነውን በወረቀት ማስፈር የማይችል ጉባኤ ነገ ምን እንደሚሰብክ ማን ያውቃል? ጉዱ ያለው መግቢያው ላይ ነው። የ1925ቱ መግቢያ ሰነዱ የማይሳሳትና የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ፣ በሰው ሕሊናም ላይ ሥልጣን እንደሌለው ይናገራል። የ2000ው መግቢያ ይህንን አልሰረዘም። ከጎኑ ግን መግለጫው በትምህርት ረገድ ተጠያቂ ማድረጊያ መሣሪያም ነው የሚል አከለበት። አንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይኸው ነው።

መሣሪያው ሥራ ለመጀመር ጊዜ አልፈጀበትም። በ2002 የኮንቬንሽኑ የውጭ ሚስዮን ቦርድ ሚስዮናውያኑን፣ ዕድሜያቸውን በሰው አገር የጨረሱትን ጭምር፣ አዲሱን መግለጫ መቀበላችሁን አረጋግጡልን ብሎ ጠየቀ። ሕሊናን የማያስገድድ ከሆነ ፊርማው ለምን አስፈለገ? ብዙዎቹ አረጋገጡ፣ በርካቶች ለቀቁ፣ በ2003 ቀነ ገደቡ ሲያልፍም እምቢ እንዳሉ የቀሩት ተሰናበቱ። ሕሊናቸው ነጻ ነው፤ ደመወዛቸው ግን ቆመ።

ከዚህ ይልቅ የኬንታኪውን የሳውዘርን ባፕቲስት ሴሚናሪ ግልጽነት አደንቃለሁ። እዚያ ቋሚ መምህር ሆኖ የሚሾም ሰው የተማሪ ቤቱ መመሥረቻ በሆነው የእምነት መግለጫ ላይ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት በፈረሙበት በዚያው መዝገብ፣ በጉባኤ ፊት ስሙን ያኖራል። ከዚህ ወዲያ «አያስገድድም» ብሎ ነገር የለም። በ1879 ክሮፈርድ ቶይ የሚባል የብሉይ ኪዳን መምህር በትምህርቱ ምክንያት ከዚያ ለመልቀቅ ተገዶ ሃርቫርድ ገብቷል። እርሱ ግን የፈረምኩትን አላፈረስኩም ባይ ነበር። ለካ ፊርማም ትርጓሜ አለው።

መግለጫ የሌለውስ ይተርፋል? የእንግሊዝ ባፕቲስት ኅብረት በስፐርጀን ጊዜ ይህ ነው የሚባል የእምነት መግለጫ አልነበረውም። ታላቁ ሰባኪ «መሠረተ እምነት የሚሸረሽሩ ሰዎች መካከላችን አሉ» ብሎ ጮኸ፤ ሰሚ ሲያጣም በ1887 ጥሎ ወጣ። ኅብረቱ ከሳሹ ያማረረባቸውን ሰዎች የሚዳኝበት ወረቀት አልነበረውም። ከሳሹን ለመንቀፍ ግን ወረቀት አላስፈለገውም፦ በጥር 1888 ምክር ቤቱ፣ ከወጣ ወራት ያለፉትን ስፐርጀንን በድምፅ ብልጫ ነቀፈው። በሚያዝያ ደግሞ፣ አያስፈልገንም ሲል የኖረው ኅብረት የእምነት መግለጫ አወጣ።

ወደ ዘመናችን ልምጣ። ሰኔ 2024 የሳውዘርን ባፕቲስት ኮንቬንሽን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተሰበሰበ። ሴት በየትኛውም የመጋቢነት ማዕረግ እንዳታገለግል የሚከለክል የሕገ ደንብ ማሻሻያ ቀርቦ 61 በመቶ ድምፅ አገኘ፤ ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ ወደቀ። ሰዎቹ ለዘብ አሉ እንዳትሉ፣ በዋዜማው ዕለት በቨርጂኒያ የምትገኘውን የአሌክሳንድሪያ ፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ዋና መጋቢዋ ወንድ ሆኖ ሳለ፣ ሴትም ዋና መጋቢ መሆን ትችላለች ብላ በማመኗ ከአሥሩ የጉባኤ ተወካይ ከዘጠኝ በላይ በሆነ ድምፅ አሰናብተዋታል። ማሻሻያው ያስፈለገው ለምን እንደነበር እንጃ። መጋቢነት ለወንዶች ነው የሚለው ያ የማያስገድደው መግለጫ ሥራውን ጨርሶ አድሯል።

ደግሞ ማሻሻላቸው አይቀርም፤ ልማዳቸው ነው። ያን ጊዜ አንድ ልመና አለኝ፦ አንቀጾቹን ለጊዜው ተዉአቸውና መግቢያውን አርሙልን።