ፎርማት ይሻላል

በእኛ ሰፈር የኮምፒዩተር በሽታው ብዙ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ስክሪኑ ቢጨልም ፎርማት፣ ድምፁ ቢጠፋ ፎርማት። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ጠጋኞቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ የመድኃኒት ማዘዣቸውን ግን ይዘው ነው የሄዱት።

ጎረቤቴ እትዬ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ለእረፍት ሲመጣ ላፕቶፓቸው ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ጭኖላቸው ተመለሰ። ለወረዳው ማመልከቻ በአማርኛ እየመቱ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ፤ ሲመለሱ ስክሪኑ ተቆልፏል። ፓስዎርዱን ቢመቱ እምቢ፣ ቢደግሙ እምቢ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወዳለ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ይዣቸው ሄድኩ።

የፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ ላፕቶፑን ገልበጥ አድርጎ ሆዱን አየው። (በሽታው ከላይ ሆኖ ከታች ለምን እንደሚያዩ ገብቶኝ አያውቅም።) «ማዘር፣ ፎርማት ይሻላል።»

«ማመልከቻዬስ?»

«እሱማ ይጠፋል።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚሻለው?»

እትዬ ዕድሜ ልካቸውን የአማርኛ መኪና መትተዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ያን ሁሉ ፊደል ከጥቂት ቁልፎች ጋር ለማስማማት የደከሙበት መኪና፣ ሌላው ቢቀር የሳቱትን እዚያው ወረቀቱ ላይ ያሳይ ነበር። ይኼኛው ነጥብ ብቻ ይደረድራል። በአማርኛም ምታ በላቲን ነጥቡ ያው ነጥብ ነው።

«ፓስዎርዱን ራስዎ ይምቱት» አለ ልጁ።

«የልጄ ስም ነው፣ እንዴት ይጠፋኛል!» አሉ ጮክ ብለው፤ ፎቶኮፒ ቤቱ በሙሉ ሚስጥሩን ሰማ። መቱት። ከፓስዎርዱ ሳጥን ጫፍ ያለችውን የዓይን ምልክት ልጁ ጠቅ ሲያደርጋት ነጥቦቹ ተገለጡ፤ ከደብተራ ክታብ የተቀደደ የሚመስል የፊደል ክምር። ፊደላችን በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኮምፒዩተሮች የፊደል መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው፣ ለካ እትዬን ከገዛ ቤታቸው ሊያስወጣ ኖሯል።

ሲቆለፍ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር፤ እዚያው ቀረ። ከላይ በስተቀኝ ያለችው ትንሽ ምልክት ይህንኑ ስትናገር ነበር፤ ማን አየ? ልጁ የዊንዶውስ አርማ ያለባትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ተጫነ። (ዊንዶውስ ከላፕቶፑ ተባርሮም አርማው ለሊኑክስ ይላላካል።) ምልክቷ ወደ እንግሊዝኛ ዞረች፣ ፓስዎርዱ ተመታ፣ ማመልከቻው ካቆመበት ብቅ አለ።

«ይቺ እምቢ ብትል ደግሞ» አለ ልጁ ደረቱን ነፍቶ፣ «ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ-3 ተጭኖ በጥቁሩ ስክሪን መግባት አለ።» ያ ጥቁር ስክሪን በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጽ መያዝ አይችልም፤ የእኛ መደበኛው ገበታ ብቻ 231 ስለሆነ ግማሹን ሊጨርስ ይቃረባል። በሰላሙ ቀን ፊደላችንን አያሳይም ብለን የምናማው፣ በዚህ ቀን ግን መሃይምነቱ ያድናል፤ አማርኛ አይመታምና።

ሒሳቡ የፎርማት ሒሳብ ሆነ። እትዬ ተከራክረው በግማሽ ጨረሱ። ማመልከቻውን እዚያው በአማርኛ አጠናቀው አሳተሙና፣ የልጃቸውን ስም አገር ስለሰማው ፓስዎርድ መቀየሪያውን አስከፈቱ። መነጽራቸውን አስተካክለው አዲሱን መምታት ሲጀምሩ ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ማዘር! ቆይ! ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው!»